ምክንያት የሚለው ዓምድ

ቅጹ ስድስት ዓምድ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ የቤት ቁጥር፣
የጠፋው ንብረት ግምት በብር፤
አምስተኛው «ምክንያት» ይላል፣
ሁለት ቃል ቢያስገባ ነው፤ ሦስት ከሆነ ይጠባል።

ሐምሌ አሥራ ሁለት ሌሊት ከቦኩ የወረደው ጎርፍ
አዳማን ለሁለት ከፍሎ ሲያልፍ፣
ባጃጁን እንደ ጫማ ገልብጦ፣ የቆርቆሮ በር ታቅፎ፣
ሊነጋ ሲል ሄደ፤ ጭቃውን ለእኛ አሳልፎ።

እኔ የቀበሌ መዝጋቢ ነኝ። ቦት ጫማ ተውሼ፣
በር ያለውን አንኳኩቼ፣
በር የሌለውን «ቤቶች!» ብዬ ተጣርቼ፣
እጠይቃለሁ፦ «ምክንያቱ ምን ይባል?»
የሚመልስ ሁሉ ጣቱን ወደ ላይ ይሰቅላል።

«የእግዜር ቁጣ ነው» አለኝ ፍራሽ የሚያሰጣ ጎልማሳ።
«ኃጢአት ነው» አለች ሚስቱ፤ የማን እንደሆነ ሳታነሣ።
«የአላህ ውሳኔ ነው» አሉ ሐጂ ከማል፣ የራሰ ዱቄት በአካፋ ሲዝቁ፤
«ግን ሰባት ኩንታል ብለህ ጻፍ» አሉና ሳቁ።

አቶ ወልደሰንበት፣ ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ የነበሩ፣
ከራሰው ሶፋቸው ጠርዝ ሆነው እንዲህ ሲሉ ጀመሩ፦
«ባቡራችን ሰው ሲገጭ እኛም ቅጽ ነበረን፣ በፈረንሳይኛ፤
ምክንያት ከሚለው ላይ ሟቹን ነበር የምንጽፍ እኛ፦
‹ሰውየው ተሳስቶ ገባ።› አንድ ቀን ‹ፍሬኑ ላልቶ› አላልንም።
ሟች አይከራከርም። እግዜርም አይከራከርም።
ለዚህ ነው ሁሉ በነሱ የሚላከክ፣ ልጄ።»
እስክርቢቶው ከበደኝ በእጄ።

ከዚያ የዲንቂቱ ቤት። ቤት ልበለው፣ በሦስት ጎን ቆሟል።
ልጇ፣ የስድስት ዓመቱ፣ ማለዳ ከድልድዩ ሥር ተገኝቷል።
«ስም?» አልኳት።
«ሮባ። የድርቁ ዓመት፣ ምጤ ሲብስ፣
ሰማይ ተቀደደ። አያቱ ሮባ አሉት፣ ዝናብ፣ ምድር ሲያረሰርስ።»
«ምክንያትስ?» አልኳት፣ ቀና ብዬ ሳላያት።

ዝም አለች ብዙ። «ያው ሮባ ነው። ሌላ ምን ልትጽፍ ኖሯል?
ሲሰጠን በስሙ ጠራነው፤ ሲወስድ ስሙ ይቀየራል?»

ስም፦ ሮባ። ምክንያት፦ ሮባ።
የሽማግሌው ነገር ያኔ ነው አጥንቴ የገባ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ለፋሲካ ሳምንት ሲቀር፣
አንድ ነጋዴ ካርታ ዘረጋ ከጠረጴዛዬ ዳር።
ቀጭን ሰማያዊ መስመር ነበረችበት፣ የጎርፍ መውረጃ።
«ይቺ እኮ በዓመት አንዴ አትፈስም» አለ፣ ሱቁን እያሳየኝ በእጁ ምልክት ብቻ።
ማታ ደጄ ላይ በግ ታስሮ አገኘሁ።
በማግስቱ ማኅተሙን እፍ አልኩበት። መታሁ።

እግዜር ጭቃ ላይ እፍ ብሎ ሰው አደረገ፤
የኔ እፍታ ሰውን ወደ ጭቃ አስጠጋ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላሉ፤
እኛ ንጉሡን ፈርተን ሰማዩን ከሰስን፤ መጥሪያ አይደርሰው፣ በቀጠሮ አይቆም፣
ጠበቃም የለው፤ ተፈረደበት ሁልጊዜም።

ግን በዚህ ልዝጋው ብል ውሸት ይሆናል።
ባለፈው ጥር፣ እኩለ ሌሊት፣ አልጋው እንደ ጀልባ ሲወዛወዝ፣ ብርጭቆ ሲረግፍ፣
ከተማው ብርድ ልብስ ለብሶ አስፋልት ላይ ሲሰለፍ፣
ያንን ማን ፈረመው? ከምድር ሆድ ውስጥ ቀበሌ የለ፣
በግ የበላ የለ።
ያን ሌሊት እኔም ጣቴን ሰቅዬ «ለምን?» አልሁ፤
ከኮረብታው ላይ ነጫጭ የነፋስ ክንፎች ሲዞሩ አየሁ፣
ሌላ ምንም አላየሁ።

አመሻሽ ላይ ወደዚያ ሱቅ ጎራ አልኩ። ባለቤቱ ፓስታ ያሰጣል።
የሥራ ፈቃዱ በመስታወት ተከቶ ከግድግዳው ተሰቅሏል፤
ጎርፉ ያሰመረው የጭቃ መስመር
ከማኅተሜ ሥር ቆሟል፣ አንድ ስንዝር ሲቀር።
«ተመስገን!» አለኝ፣ በጣቱ እየለካ። «እግዜር ነው ያተረፈው።»
ቅጹ ከብብቴ ሥር ነበር። አምስተኛውን ዓምድ ገና አልሞላሁት።