ሦስት ጣት

ሙሐረቅ፣ ከባሕሩ ጀርባ፣ በድሮ ሉል ነጋዴ ቤት፣
ከወለል እስከ ጣሪያ የመስተዋት ቁም ሣጥን ባለበት፣
ቅዳሜ ቅዳሜ በጥጥ ጓንት፣ በለስላሳ ብሩሽ
አቧራ አራግፋለሁ።
ማዳም ሉልዋ ከሶፋዋ፦ «ቀስ! ቀስ በይ እባክሽ!»

ስማቸውን በመወልወል አጠናሁ።
ከላይ ኢማሪ፤ በሰማያዊ፣ በቀይ፣ በወርቅ የተኳለ፣
ጫፉን ሲነኩት እንደ ቃጭል «አለሁ» ያለ፣
እንደ ሙሽራ፣ ለመታየት ብቻ የተቀመጠ።
ከሥሩ ሃጊ፤ እርጎ መሳይ፣ በደቃቁ የተሰነጠቀ፣
ሻይ በጠጡበት ቁጥር መልኩ እየተለወጠ።
ቢዘን ቀለም የለውም፤ እሳት ነው የጻፈበት፤
ጭድ ተጠምጥሞ የነደደበት
ቀይ ሰንበር አለበት።

ከታች፣ ለብቻዋ፣ ጥቁሯ ራኩ።
የመጣሁ ሰሞን አይቻት ደነገጥኩ፤
ማንም ሳያየኝ ጓንቴን አወለቅኩ።
መንኮራኩር አያውቃትም።
በመዳፍ ተጠፍጥፋ፣ በጣት ታሽታ፣
ከንፈሯ እንኳ ቀጥ አላለም፤
ከእሳት በጉጠት ተጎትታ።

እናቴም መንኮራኩር የላት፤ የምትዞረው እሷ ናት፤
ጎንበስ ብላ ጋኑን ትዞረዋለች፣ ወገቧ እስኪከዳት።
በበቆሎ ቆረቆንዳ ታለሰልሳለች፤
ከኩበት ፍም ውስጥ በዱላ እየሳበች
እንደ ጥርስ ሐኪም ታወጣለች።

ማክሰኞ ገበያ ስትወርድ መንገድ ይለቁላታል፤
ከአክብሮት አይደለም።
ልጅ ያዘለች ሴት የልጇን ፊት በነጠላ ትሸፍናለች።
ማሰሮዋን ይገዛሉ፣ ብሩን መሬት ያስቀምጡላታል።
«ሌሊት ጅብ ትሆናለች» ይላሉ፣
«በዓይኗ ትበላለች» ይላሉ፣
በሠራችው ድስት ግን ይበላሉ።
እኛማ እንደ ተረቱ በገል ነው የበላን፤
ደህናው ለገበያ፣ ስንጥቁ ለእኛ ሆኖልን።

ኤጀንሲው ሲመዘግበኝ፣ «የእናት ሥራ?» አለኝ።
«የቤት እመቤት» አልኩት።
ቀና ሳይል ጻፈልኝ።

ባለፈው ጥር አንድ ሽማግሌ መጣ፣
ከጃፓን፣ ለኢንሹራንስ ዋጋ ሊያወጣ።
አቶ ኦካሙራ ይሉታል፤ እያንዳንዱን ዕቃ
በሁለት እጁ ይዞ፣ አራስ ልጅ እንደሚቀበል።
የጥቁሯን ቁጥር ሲጠራ ማዳም ዐይኗን አላሸችም።
እኔ በሆዴ በደመወዜ አካፈልኩት፤
ዕድሜዬ አልበቃኝም።

«የሠራት ቤት» አለ፣ ማዳም በዐረብኛ ደገመችልን፣
«ከአባት ለልጅ ስሙን ያወርሳል፤
ጭቃውን ዛሬ ቆፍሮ ለልጅ ልጁ ያስቀምጣል፤
ትልቅ ሰው ደጁ ሲደርስ ጫማውን ያወልቃል።»
ሸክላ ሠሪ ነው የሚሉት?
ጫማቸውን? ለሸክላ ሠሪ?

አፌ አመለጠኝ፦ «እሷ በእጅ ናት፤
መንኮራኩር አላያት።»
ሁሉም ዞሩ።
«አንቺ በምን አወቅሽ?» አለች ማዳም።
በሩ ላይ ወጥ ቤቷ ማንያህልሻል ትሪ ይዛ ቆማለች፤
የእኛው ወረዳ ልጅ ነች።
ሰፈሬን ገና አልጠየቀችኝም።
«እንዲያው መስሎኝ» አልኩ፤ «ምንም አላውቅም።»

ሽማግሌው ግን እጄን ያይ ነበር።
ሲወጣ ጠራኝ፤ ጥቁሯን ገለበጠ።
እግሯ ሥር፣ ሠሪው ቀለም ውስጥ ሲነክራት
ጨብጦ የያዘበት፣
ቀለም ያልደረሰበት ሦስት ባዶ ቦታ።
በአገጩ «ያዥ» አለኝ።
ጣቶቼን አኖርኩ። ሁለቱ ገጠሙ፤
ሦስተኛው አጠረኝ።
ምንም አላለም። እኔም።
የአየር ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርማል።

ማታ ሰሃን ስናጥብ ማንያህልሻል በክርኗ ነካችኝ፦
«ያ ሽማግሌ ምን አለሽ?»
ውኃውን ከፈትኩ።
«እንዳትሰብሪ አለኝ።»