የታጠበው ሳህን

በቫልፓራይሶ ዳገት፣ ቆርቆሮን ጨው በሚበላበት፣
ስምንት ጠረጴዛ ባለው የዓሣ ሾርባ ቤት፣
ኤርሲሊያ ማክሰኞ ማለዳ ቁልፏን አዞረች።
በሩ እንደ ወትሮው ዞረ፣ መስኮቱም አልተሰበረ፤
ሰማዩ ግን በጣራ ገብቶ፣ ምድጃው ላይ ተዘርግቶ ነበረ።

የገንዘብ ሳጥኑ የለም።
ሰባት ወር ዕዳ የቀረው የሊጥ ማሽን የለም።
ባሏ ሲሞት እንኳ ያልሸጠችው የመዳብ ድስት፣
እሱም የለም።

ከኢንሹራንስ የመጣው ወጣት፣ ጫማው እንዳይረጥብ እየተጠነቀቀ፣
ውሉን ገለጠ፦ «በበር ወይም በመስኮት ገብቶ የሰረቀ…»
«በጣራ ግን» አለና ትከሻውን ነቀነቀ።

አሥራ አንድ ዓመት ከፍላለች፣ አንድም ወር ሳታጓድል፤
ያኔም ጣራ ነበራት።
«ታዲያ ሌባው ውላችሁን አንብቦ፣ በር አንኳኩቶ ይግባ?»
ወጣቱ ሳቀ። ወዲያው አፈረና ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

አንድ ጥያቄ ቀርቷል፦ «የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

ዓይኗ ወደ ማጠቢያው ሄደ።
ሌባው ከትናንት የተረፈውን ሾርባ በልቷል፤
ሳህኑን አጥቦ ነጭ ጨርቅ ላይ ደፍቶታል፣
ማንኪያውንም ከጎኑ፣ እጀታው ወደ ግድግዳ፣
ልክ እሷ እንደምታስተምረው።
እንዲህ የሚያስቀምጥ የሉዝሚራን ልጅ ብቻ ነው የምታውቀው፤
ባለፈው ክረምት ገበያው ሲቀዘቅዝ፣
የመጨረሻ ሳምንቱን ሳትከፍለው
«ነገ አትምጣ» ያለችውን።

«የለም» ብላ ጻፈች።

ከቀዳዳው ሥር ባልዲ አኖረች።
ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች፤ የምሳ ሰው መምጣቱ አይቀርም።
ሳህኑን ግን
ከተደፋበት አላነሳችውም።