የመሄድ ትምህርት

ሐሙስ ማታ፣ ቪጎ፤ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል፣
የሰርዲን ሽታ ከወደቡ ደረጃውን ይወጣል።
መምህርት ዊኒፍሬድ በጠመኔ ጻፈች፤
"እንግሊዝ ሊሄድ ሲል መንገዱን ይመታል" አለች።
"ምን አጥፍቶ?" አለ ኤላዲዮ፣ የዓሣ ፋብሪካው ዘበኛ፤
ሰባት ዓመት ይኸው ክፍል፣ ይኸው ወንበር፣ ይኸው እኛ።

ከድግስ መሃል ሹልክ ያለ፣ ደህና እደሩ ሳይል የጠፋ፣
"የፈረንሳይ ስንብት" ነው። ስፔኖቹ አጨበጨቡ፦
"እኛም እሱኑ ነው የምናማው!"
"ፈረንሳይስ ማንን ያማል?" አልኳት።
"እንግሊዝን" አለች፤ ፊቷ ቀላ።

"ያንተስ አገር?" አለችኝ።
"እግሬ አውጪኝ" አልኩ፤ ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው፦
በእኛ ዘንድ የሚሸሽ ሰው እግሩን ነው የሚማጠን።
ኤላዲዮ ጎንበስ ብሎ አየው፣
ለምኖት የማያውቀውን እግሩን።

ያን ጊዜ ሬሜዲዮስ፣ ከግድግዳው ጥግ፣
ዓሣ ስትጠርግ የሻከረ እጇን አነሳች።
"እኛ ቤት ሌላ ነው" አለች፣
"ሲጋራ ገዝቼ ልምጣ።"
መሳቅ የጀመረው ሳቁን ዋጠ።
"ሱቁ እኮ ከፎቃችን ሥር ነበር፤
ክብሪቱንም ጠረጴዛ ላይ ትቶት ነው።"

መምህርት ጠመኔዋን እንደያዘች ቆየች።
በመጨረሻ ከታች፣ ከጠርዙ፣ በትንንሽ ፊደል ጻፈችው።
ሰሌዳው ሙሉ ሂያጅ ነው፤
ያ አንዱ ብቻ ልምጣ ይላል።

ሦስት ሰዓት ሞላ። ኤላዲዮ ጃኬቱን ደረበ፣
እንደገና አወለቀ።
ቀድሞ የሚነሳ ጠፋ።