ልብ ነው አሉ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቫልፓራይሶ፣
ጭጋጉ ከወደብ ተነሥቶ ኮረብታውን እስከ ወገቡ ለብሶ፣
አንድ ሰው አመጡ፣ ደረቱን በጡጫው ጨብጦ
ላቡ ሸሚዙን አርሶ።

«ልብ ነው» አለ ሹፌሩ፣ አልጋውን እየገፋ።
«ልብ ነው» አለ ባልታሳር፣ ተለማማጁ ሐኪም፣
የኢሲጂውን ወረቀት እንደ ሎተሪ ዘርግቶ በተስፋ።
«ልብ ነው» አለች ሚስቱ፣ «አባቱም በልብ ነው የሞቱት።»
ልብ ነው አለ ሁሉም፤ ልብ ያለ ግን ጠፋ።

እኔም ልብ ነው ብያለሁ፤ ምን ያስዋሸኛል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ያደረ ዓይን
የላብን ቀለም ያውቃል፣ የጡጫን አያያዝ ያውቃል፣
ሳይጠየቅ ይፈርዳል፣
ሳይምል ይመሰክራል።
አብዛኛውን ሌሊት ልክ ነው፤ የሚያስፈራው እሱ ነው።

ያስና መርፌውን ሞልታለች፣
የረጋ ደም የሚያሟሟውን።
«ልስጠው ዶክተር?» ትላለች፣
ዓይኗ ከግድግዳው ሰዓት ላይ ሳይነሣ።
እውነቷን ነው፤ የልብ ጡንቻ በየደቂቃው ይሞታል፣
የሞተውም አይነሣ።

እዚህ ቤት ሰው ሲያስብ አይታይም።
የሚታየው እጅ ነው፤ ጓንት ሲያጠልቅ፣ ልብስ ሲቀድ፣ ሲጫን።
ሐሳብ በእጆቹ መሃል በጓሮ በር ይገባል፣
ሲገባም መጽሐፍ አይመስልም፤
የአንድ ሰው ስም ነው።
የእኔው ኦቲልያ ትባላለች።

ልብስ ሰፊ ነበረች። ከሰባት ዓመት በፊት
የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቼ ወደ ቤቷ ሸኘኋት።
ደኅና እደሪ አልኳት።
መዝገቧ ላይ ፊርማዬ አለ፤ ቆንጆ ፊርማ፣ ያልተጣደፈ።

ስለዚህ ጎንበስ አልኩ።
«ዶን ኤሌውቴሪዮ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»
ባልታሳር እግሩን ቀየረ፤ ይህ የወግ ሰዓት ነው?
«የኮረብታው አሳንሰር… ፍሬን ያዥ… ሠላሳ ዓመት።»
«ሕመሙስ? ምን ይመስላል?»
ሰውዬው ዓይኑን ጨፈነ።
«የብረት ገመድ ሲተረተር አይተሽ ታውቂያለሽ?
ከውጭ ደኅና ነው፤
ከውስጥ አንድ ክር ይሄዳል፣ ደግሞ አንዱ፣ ደግሞ አንዱ…
ከደረቴ ተነሣ፤ አሁን ጀርባዬ ላይ ደርሷል፣
ቁልቁል ነው መንገዱ።»

ቀኝ እጁን ያዝኩ። ትርታው ይደልቃል።
ግራ እጁን ያዝኩ።
እንደ ሩቅ ጎረቤት ኳኳታ፣
አለ ሲሉት የለም፣ የለም ሲሉት አለ።

ያኔ ነው «ቆዪ» ያልኩት።

ሁለት ፊደል ናት።
ከእሷ በፊት መርፌው መድኃኒት ነበር፣
ከእሷ በኋላ መግደያ፤
ወይም ተሳስቻለሁ፣ የገደለችው ራሷ «ቆዪ» ናት።
የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤
እዚህ የሚፈሰው አይለቀምም።
የዘገየም የሚለቅመው የለውም።
መሃሉ ላይ መቆሚያ ስፍራ አልነበረም፣
እኔ ግን እዚያ ቆሜ ነበር።

«የሁለቱንም ክንድ ግፊት ለኩ። ወደ ሲቲ ስካን ደውሉ።
ቀዶ ሐኪሙን ቀስቅሱ።»
ድምፅሽ የረጋ ነበር አሉኝ በኋላ።
እኔ የምሰማው የጉልበቴን መንቀጥቀጥ ነበር።

ቀኝ፣ መቶ ሰባ። ግራ፣ መቶ አሥር።
ባልታሳር ወረቀቱን ለሁለት አጠፈው፣ ለአራት፣ ለስምንት።
እኔም እንዳንተ ነበርኩ ልለው ስል
አልጋው ቀድሞኝ ወጣ።

ትልቁ የደም ሥር ነው፤ ግድግዳው ከውስጥ ተተርትሯል፣
ክር በክር፣ ባለቤቱ እንዳለው።
ወደ ላይኛው ፎቅ ወሰዱት።
ይተርፍ አይተርፍ ገና አልተነገረኝም።
ቀኝ እጁን ብቻ ይዤ ቢሆንስ?
ሥራውን ባልጠይቀውስ?
ኦቲልያ ባትሞትስ?

ሊነጋ ሲል ወንበር ላይ የተረሳ ልጅ አገኘሁ፣
የዓሣ መንጠቆ ጣቱ ውስጥ የተሰካ፣ ሦስት ሰዓት የጠበቀ።
አጠገቡ ተቀምጬ ሁለቱንም አንጓዎቹን ያዝኩ።
ዓይኔን ጨፍኜ ቆጠርኩ።
«የታመመው ጣቴ እኮ ነው» አለኝ፣
«እሱም የዚህኛው እጄ ብቻ።»
«አውቃለሁ» አልኩት።
አለቀቅኩትም።