የግራ ጆሮ

ሐሙስ ማለዳ ነው፤ አሞራ ገደል ላይ ቆሮሶ ሲመዘን፣
እኔና ማሙሸት በባጃጅ ደረስን መቅጃችንን ይዘን።
ሃያ ሁለት ጥያቄ በወረቀት አለኝ፣
ሌሊቱን ስጽፈው ብልህ የመሰለኝ።

ጋሽ ቡሪሶ ሀመሶ፣ ጀልባ ጠጋኙ፣
ከሬንጅ ጣሳቸው አጠገብ ተገኙ።
በግራቸው በኩል ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ፣
ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣
ቁጥር አንድን ጠየቅሁ፦

«በዚህ ሙያ ላይ ስንት ዓመት ኖሩ?»
ሚስማር ከከንፈራቸው አውጥተው ጀመሩ፦
«ዱሬቴ ነው ስሟ። ዋና አታውቅም።
ብታውቅም ያን ለታ ማወቅ አይጠቅምም።»

«በጣም ጥሩ!» አልኩኝ።
አዎ፣ «በጣም ጥሩ» አልኩኝ።
ቁጥር ሁለት ነበር ቀጥሎ የታየኝ።

«እንጨቱስ ከየት ነው? ዋንዛ ነው ወይ ጥድ?»
«ሌሊት ነው» አሉኝ፣ «ሌሊት ነው የምሄድ፣
ጉማሬው ሳር ሊግጥ ሲወጣ ወደ ዳር፣
ውሃው ባዶ ሲሆን፣ ከሷ ጋር ለማደር።»

ማሙሸት ከኋላ ጆሮውን ነካክቶ ጠቀሰኝ፣
«ድምፁ አልጠራም» ያለ መሰለኝ፤
ማይኩን ይበልጥ ወደ አፋቸው አስጠጋሁ፣
እስከ ሃያ ሁለት ሳልቆም ተጓዝሁ።

አባ ኮዳዎቹ በራ ጭንቅላታቸውን ደፍተው፣
የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ እንደ ሽማግሌ ተሰብስበው፤
ከኔ ይልቅ እነሱ ጥሩ ጠያቂ ናቸው፤
አይናገሩም፣ አይሄዱም፣
የሚጣለው ሁሉ ይደርሳቸዋል በየተራቸው።

ማታ በስቱዲዮ፣ የራሴን ድምፅ ልቆርጥ፣
ማዳመጫ አጥልቄ ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ፣
ያኔ ነው የሰማሁት።
የግራ ጆሯቸው አይሰማም ኖሯል ለካ።
በር ከፍተውልኝ ነበር፣ እኔ አጥር ስለካ።
የሳቸው አንድ ጆሮ፤
የኔ ግን ሁለቱም።

ሳላስተላልፈው ቀረሁ። አለቃዬ ተቆጣ፤
በሱ ፋንታ የዘፈን ምርጫ በአየር ወጣ።

በሳምንቱ ተመለስኩ፣ ወደ ምሽት፣
ያለ ወረቀት፣ ያለ ማሙሸት።
በቀኛቸው ተቀመጥሁ። የሬንጁን ብሩሽ አቀበልኳቸው።
አንድ ስንጥቅ ደፈኑ። ሌላ ስንጥቅ። ዝም አልኳቸው።
በጀልባዋ ጎን ላይ ፊደል አለ፣ ቀለሙ የተላጠ፣
«ዱሬ» ብቻ ይነበባል፤ ቀሪው በአዲስ ሳንቃ የተዋጠ።
ሚስት ናት? ልጅ ናት? ወይስ ጀልባዋ ራሷ?
አልጠየቅሁም። ይምጡ እሳቸው ወደሷ።

ብሩሹን ጣሳው ላይ አሳረፉና ዞረው አዩኝ፦
«ልጄ፣ ያን ቀን ብዙ ጥያቄ ጠየቅሽኝ፤
አንዱንም አልሰማሁሽ። እስኪ አሁን ድገሚልኝ፤
የመጀመሪያው ምን ነበር?»

ጠፋኝ።