ልጅ ከሌለው

ቫልፓራይሶ፣ ደረጃ ደረጃን በሚወልድበት ዳገት፣
ቤት በቤት ትከሻ ላይ በተንጠለጠለበት፣
ዶን ኤቫሪስቶ ብሎን ይሸጣሉ፤
አራት መቶ አሥራ ሁለት መሳቢያ በዳበሳ ያውቃሉ።
«ድረ ገጹ» አሉኝ፣ «ቁርጥ ሱቄን ይምሰል፤
መሳቢያ ሲሳብ ሌላ መሳቢያ ከውስጡ ብቅ ይበል።»

የተዘጋጀ አብነት ነበር፣ በነጻ የሚወርድ፣
ሁለት እርከን ብቻ የሚያውቅ፣ ሦስተኛው ላይ የሚርድ።
ብረት ሲነኩት ብሎን ያሳያል፤ ከብሎን በታች ግን
ናሱ፣ ዚንኩ፣ ባለ መስቀል ራሱ
የት እንደገቡ እንጃ።

ስለዚህ በእጄ ጻፍኩት፤
ራሱን በራሱ የሚጠራ ኮድ፣
ወላጅ ሲያገኝ ወደ ልጆቹ፣ ወደ ልጅ ልጆቹ የሚወርድ።

በሦስተኛው ቀን ማውዙ አስቸገረ፤
ከብሎን ወደ ናስ በሰያፍ ሲሄድ ዝርዝሩ ተሰወረ።
የዶን ኤቫሪስቶ እጅ ይንቀጠቀጣል፤
ቀስቱ አንድ ጣት ሲስት ሁሉም ተጠቅልሎ ይዘጋል።
«ነጋዴ በደንበኛ ላይ እንዲህ በር አይዘጋም!»
ሦስት መቶ ሚሊሰከንድ ጨመርኩ።
ትዕግሥት በቁጥር ስትሰፈር ይህችን ያህል ነች፤
እጅ ቢዘገይም፣ በሯ ጥቂት ትጠብቃለች።

ማታ፣ ጭጋግ ከባሕር ሲወጣ፣ ከኋላዬ ቆመው
ኮዱን ያያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።
«ይቺ መስመር ምን ትላለች?»
ሳላስብ አነበብኩላቸው፦
«ልጅ ከሌለው፣ እዚህ ላይ ያበቃል።»

ዝም አሉ። የሚስማሩ ሚዛን ሲወዛወዝ ይሰማል።
ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን እኔም አውቅ ነበር፤
ምላሴን በነከስኩት።
«ላጥፋት?»
«ብታጠፊያትስ?»
«መጨረሻ ያጣል። የሌለ ልጅ ፍለጋ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣
ማሽኑ እስኪታነቅ።»
«እንግዲያው ተያት» አሉ።
«እኛም ወርደናል። ሐኪም፣ ስለት፣ ሳንቲያጎ ድረስ፣
አሥራ አንድ ዓመት። አንድ ሌሊት ክሎቲልዴ ‹ይበቃል› አለች።
በማግስቱ ይህን ሱቅ ተከራየን።»

ከዚያ ከታች፣ ምልክት የሌላትን መሳቢያ ሳቡ፤
አራት የናስ ብሎን፣ ለሕፃን አልጋ የተገዙ፣
በወረቀታቸው እንደተጠቀለሉ።
«እነዚህስ? የት ይግቡ?»

አልመለስኩላቸውም።
ብረት ሥር፣ ብሎን ሥር፣ ናስ ሥር፣ አራተኛው እርከን ላይ
አንዲት መስመር ጨመርኩ፣ ዋጋ የሌላት።

ትናንት አንድ ሰው ከወደቡ ደወለ፤
«ይቺ የመጨረሻዋ ስንት ናት?» አለ።
ዶን ኤቫሪስቶ «አልቃለች» አሉት፤
ስለ ዚንክ ሚስማር ግን ግማሽ ሰዓት አወሩት።