ባር ባር

ከካምፓላ መጣች፣ በሐምሌ፣ በጉሙ ወር፣
ጦሳ ራሱን ተከናንቦ ከደሴ ሲሰወር።
ናካቶ ትባላለች፤ የማኅበራዊ ሥራ ልምድ ቀሳሚ፣
በልውውጥ የተላከች፤ እኔ ነርስ ነኝ፣ ለሷ ሲሆን አስተርጓሚ።

የመጀመሪያ ቀን ጋዎን አልደረሳትም ነበር፤
የዘበኛውን ጋቢ ደርባ፣ ከተራ ጠባቂው ጋር፣
አእምሮ ሕክምናው ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።
መልኳ ከኛ አይለይም፤ ሲያናግሯት ፈገግ አለች።

"የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ ዓለም?" ዱበርቴ ዘሐራ ናቸው፣
ከወረባቦ፤ ይመር ልጃቸው ተኝቶ ከትከሻቸው።
ዝም።
"አገርሽስ ወዴት ነው?"
ዝም።
"አብሽሪ። የኔም ልጅ ሁለት ዓመት አልተነፈሰም፤
ክኒኑን እህል ቅመሽና ዋጪው፣ በባዶ ሆድ አይሆንም።"
ከቋጠሩት ቆሎ እፍኝ ዘግነው ሰጧት።
በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ሳቅ ይዞኝ፣ ደግሞ ቅናት፦
አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ቤት ሰው ተቀበልሁ፣
ካርድ ሳላስወጣ ለማንም እፍኝ አልሰጠሁ።

ሰኞ ገበያ ደግሞ ሽንኩርት ሻጯ
"አትመልስም እንዴ? ምን ያኮራታል!" ብላ ሰደበቻት፤
ሽንኩርቱን ግን መረቀችላት።

በሳምንቱ ጋዎኑ ደረሰ።
እስክሪብቶ ይዛ ከጠረጴዛው ማዶ ስትቀመጥ
ዱበርቴ እጃቸውን አጨበጨቡ፦
"አላልኳችሁም! እህል ቀምሳ ዋጠችው፤
መዳን ብቻ? ሐኪም ሆነች፣ ይኸው!"

ቅጹ ዘጠኝ ጥያቄ አለው።
"ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ቀን ከፋዎት?"
"ያመጣሁት ልጄን። የኔን ምን ያደርግላት?"
"ግድ የለም፣ ይንገሯት።"
ጣታቸውን ከእንብርታቸው ከፍ አድርገው አኖሩ።
"መክፋት እንኳ አይደለም። ሲመሽ፣
ይመር የተኛ መስሎኝ ዓይኑን ሲከፍት፣
እዚህ ጋ ባር ባር ይለኛል።"

ባር ባር።
ናካቶ አፌን ትጠብቃለች።
ሐዘን ልበል? ሐዘን ሬሳ ይፈልጋል።
ፍርሃት? እሱም ስም አለው፤ ጅብ ነው፣ ወይ ጥይት።
ናፍቆት መንገዱን ያውቃል፣ ወዴት እንደሚያይ አይጠፋውም።
ባር ባር ግን
እህል ያለቀበት ጎተራ ውስጥ
ንፋስ ገብቶ መውጫ ሲያጣ፣
ይህን በየትኛው እንግሊዝኛዬ?
"ከፍቷቸዋል" አልኳት በሚገባት ቋንቋ።
"ሁለት" ብላ ሞላች።

ወደ ፒያሳ ስንወርድ፣ በአንድ ጃንጥላ፣
"ብዙ ተናገሩ፤ አንተ አንድ ቃል ሰጠኸኝ።
የቀረው የት ገባ?"
እንደምንም ነገርኳት፣ ጎተራውን፣ ንፋሱን።
ቆመች። ዝናቡ ጫማዋ ውስጥ ይገባል።
ጣቷን ከእንብርቷ ከፍ አድርጋ "እዚህ?" አለች።
"እዚያ።"
በሉጋንዳ አንድ ቃል ነገረችኝ፤
ያዝኩት ብዬ፣ ታክሲው ጋ ስደርስ አጣሁት።
ናካቶ ማለት ከመንታ ሴቶች ኋላ የመጣችው ናት፤
ይህን ራሷ ነግራኛለች።
ስለ ቀደመችው አላነሳችም።
መጠየቅ እንጀራዬ ነው። አልጠየቅኋትም።

መስከረም ሲያልቅ ሄደች።
ሪፖርቷ ውስጥ፣ በእንግሊዝኛው መሐል፣
አራት ፊደል በእጇ ጽፋለች፤ ሁለተኛው "ባ" ትንሽ ዘሟል።
መምህሯ በቀይ ከቦ "ይህ ምንድን ነው?" ብሏታል።
"የቦታ ስም ነው" ብላ መልሳ
ፎቶውን ላከችልኝ።

በጥቅምት ቀጠሮ ዱበርቴ ለብቻቸው መጡ፣
የይመርን ክኒን ሊወስዱ።
"ያች ልጅ አገሯ ገባች?"
"ገባች።"
"እዚያስ ሲመለስባት ማን አላት?"
የምተረጉምለት ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።
ዝም አልኩ።
ቋጠሯቸውን ፈተው
እፍኝ ዘገኑልኝ።

ቅጹ ዛሬም ዘጠኝ ጥያቄ ነው።
ኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ አሥረኛ እጨምራለሁ፦
ሲመሽስ?